የውሻ ጆሮ የ200 ዓመት ታሪክ፦ ጠብታው ከጥያቄው ሲቀድም

ዛሬ ስለ ምርጫ፣ ስለ ምንዛሪ ወይም ስለ ቀይ ባሕር አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ውሻ ጆሮ ነው። «አገሩ ስንት ጉዳይ እያለበት!» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ላነበበ ግን ነገሩ ከውሻ አልፎ የእያንዳንዳችን መድኃኒት ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ ለማሳየት እሞክራለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የምከራከርበትን ነጥብ ከወዲሁ ላስቀምጥ። ሐኪሞች የውሻን የጆሮ በሽታ ለማከም ከ200 ዓመት በላይ ደክመዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን አዲስ ጥፋተኛ በተገኘ ቁጥር «በቃ፣ ምክንያቱ ይኼ ነው» ተብሎ አንድ ነገር ጆሮው ውስጥ ሲንጠባጠብ ኖሯል። ለረጅም ጊዜ የዘገየው «ይህ ጆሮ መጀመሪያውኑ ለምን ታመመ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለመዘግየቱ ውሾች በሥቃይ ከፍለዋል። እኛ ሰዎች ደግሞ መድኃኒቶቻችንን እያጣን መክፈል ጀምረናል።

🔹 ጨለማው ቦይ

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የጆሮውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው የጆሮ ቦይ አጭርና ወደ ጎን ቀጥ ያለ ነው ማለት ይቻላል። የውሻው ግን መጀመሪያ ወደ ታች ይወርድና ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ቅርጹ የላቲኑን «ኤል» ፊደል ይመስላል። የጆሮ ታምቡሩ ያለው ከመታጠፊያው ወዲያ ነው። ስለዚህ ከውጭ ሆኖ የጆሮውን ቅርፊት ገልጦ የሚያይ ሰው የሚያየው ደጃፉን ብቻ ነው፤ ጓዳው አይታየውም።

በዚህ ላይ ቦዩ ሞቃት ነው፣ እርጥበት ይይዛል፣ ኩክ ያመነጫል። ጤነኛ ሲሆን ቆዳው ቆሻሻውን ቀስ እያለ ወደ ውጭ እየገፋ ራሱን ያጸዳል። ሲቆጣ ግን ያብጣል፣ ቦዩ ይጠባል፣ ኩኩ ይበዛል፣ አየር ይታፈናል። ያኔ በጤናው ጊዜም በጥቂቱ እዚያው ይኖሩ የነበሩ ባክቴሪያና እርሾ ድግስ እንደተደገሰላቸው ይራባሉ። ውሻው ራሱን ያራግፋል፣ በእግሩ ያካል፣ ጆሮው ይሸታል፣ ሲነኩት ይጮኻል። ብዙ ጊዜ «ተናካሽ ሆነብኝ» የሚባል ውሻ ጆሮውን የሚያመው ውሻ ሊሆን ይችላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ውሻ ግን በሽታውን አይደብቅም። ችግሩ እኛ የምናየው ደጃፉን ብቻ መሆኑ ነው።

🔹 ፈረስ ይቅደም፣ ውሻ ይቆይ

ዘመናዊው የእንስሳት ሕክምና የተጀመረው ለውሻ ታስቦ አይደለም። የመጀመሪያው የእንስሳት ሐኪሞች ትምህርት ቤት በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ በ1761 ሲፈቀድ፣ መሥራቹ ክሎድ ቡርዥላ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ከትምህርት ቤቱ መመሥረት ጀርባ የነበረው ትልቁ ሥጋት ደግሞ የአውሮፓን ከብት ይፈጅ የነበረው የደስታ በሽታ ነው። ይኸው በሽታ በ1880ዎቹ መጨረሻ በምፅዋ በኩል ወደ እኛ ገብቶ የእርሻ በሬውን ጨርሶ «ክፉ ቀን» የምንለውን ረሃብ አስከተለ። ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው ገና በ2011 ነው።

ለንደን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጇን በ1791 ስትከፍትም ጉዳዩ ፈረስ ነበር። ፈረስ ማለት ጦር ሠራዊት፣ ትራንስፖርትና ገንዘብ ነው። ውሻ ማከም ለተማረ ሰው የሚመጥን ሥራ ተደርጎ አይታይም ነበር። ይህን ንቀት ተሻግረው በውሻ በሽታ ላይ በቁም ነገር ከጻፉት ቀዳሚዎች አንዱ ደላበር ብሌን ነበሩ። የውሻ በሽታዎችን የሚመለከት መጽሐፋቸው በ1817 ታተመ። ለንደን ውስጥ አብሯቸው ይሠራ የነበረው ዊልያም ዩአትም በ1845 ስለ ውሻ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አወጣ።

በእነዚያ ሰዎች ዘመን የጆሮ በሽታ በሙሉ አንድ ስም ነበረው፤ «ካንከር» ይሉታል። ጆሮው ቢያሳክከው ካንከር፣ ቢመግል ካንከር፣ ቅርፊቱ ቢቆስል ካንከር። አንድ ስም ለሁሉም ሲሰጥ ሕክምናውም አንድ ወደ መሆን ያዘነብላል። የእርሳስ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ፣ አለም፣ የዚንክ ጨውና የመሳሰሉትን ያንጠባጥባሉ። እንስሳው ጆሮውን እያራገፈ እንዳያቆስለው ደግሞ «የካንከር ቆብ» የሚባል ራሱ ላይ የሚታሰር መሸፈኛ ነበር።

ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ውኃ ውስጥ የሚዋኙና ጆሯቸው የተንጠለጠለ ውሾች በዚህ በሽታ እንደሚበረቱባቸው በዓይናቸው አይተዋል። ይህ ዛሬም የሚሠራ ምልከታ ነው። የጎደላቸው ጓዳውን የሚያዩበት መሣሪያና እያንዳንዱን በሽታ በየስሙ የሚጠሩበት ዕውቀት ነበር።

🔹 የመጀመሪያው ጥፋተኛ፦ ተባዩ

በ1838 በሽቱትጋርት የእንስሳት ሕክምና መምህር የነበሩት ኤድዋርድ ሄሪንግ በጆሮ ውስጥ የምትኖር፣ ከእከክ ተባዮች ወገን የሆነች ጥቃቅን ፍጥረት መኖሯን ጻፉ። ዛሬ በሳይንስ ስሟ «ኦቶዴክቴስ ሳይኖቲስ» ትባላለች። ነጭ ነጥብ ታክላለች፤ ስምንት እግር አላት፤ የምትኖረው በጆሮ ቦይ ቆዳ ላይ ነው። ከድመት ወደ ድመት፣ ከድመት ወደ ውሻ በንክኪ ትተላለፋለች። ጆሮው ውስጥ የተፈጨ ቡና የሚመስል ጥቁር ቡናማ ኩክ ከታየ፣ በተለይ በግልገል ድመት ላይ፣ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት።

ይህች ተባይ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ካሉት እጅግ እንግዳ ሙከራዎች አንዱን አስከትላለች። ሮበርት ሎፔዝ የሚባሉ በኒው ዮርክ ግዛት የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪም ተባይዋ ሰውን ትይዝ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። ከድመት ጆሮ ተባይ ያለበትን ኩክ ወስደው በገዛ ጆሯቸው ጨመሩት። ወዲያው የመቧጨርና የመንቀሳቀስ ድምፅ መስማት ጀመሩ። ማሳከኩ ሌሊት ይብስ ነበር፤ እንቅልፍ አሳጣቸው። ከዳኑ በኋላ «አንድ ጊዜ አይበቃም» ብለው ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ ደገሙት። እያደር ሕመሙ እየቀለለና እያጠረ መጣ፤ ሰውነታቸው ተባይዋን መከላከል የተማረ ይመስላል። ውጤቱን በ1993 በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት አሳተሙ፤ በማግሥቱ ዓመት «ኢግ ኖቤል» የተባለውን የቀልድ ሽልማት ወሰዱ።

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ከሳቁ በታች ሌላ ነገር ይታየኛል። እኚህ ሰው ታካሚያቸው ሊነግራቸው ያልቻለውን ነገር ለማወቅ ራሳቸውን ታካሚ አደረጉ። ሌሊቱን ሙሉ ጆሮህ ውስጥ ሲቧጨርብህ ማደር ምን እንደሚመስል ድመት አትናገርም። ከሎፔዝ በኋላ ግን አንድ ሐኪም ተናግሮታል።

የተባይዋ መድኃኒት ታሪክም ለእኛ ቅርብ ነው። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአፈር ካገኙት ባክቴሪያ፣ ዊልያም ካምቤልና ባልደረቦቻቸው በመርክ ኩባንያ አይቨርሜክቲንን አወጡ። መድኃኒቱ በ1981 መጀመሪያ የተሸጠው ለእንስሳት ነበር። ዛሬ የጆሮ ተባይን የሚገድሉት ዋና ዋና መድኃኒቶች ጥቂቶቹ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ከ1987 ጀምሮ ደግሞ ኩባንያው ይህንኑ መድኃኒት የወንዝ ዳር ዓይነ ሥውርነትን ለመከላከል በነፃ ይሰጣል። በደቡብ ምዕራብና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ወገኖቻችን በየዓመቱ የሚውጡት ክኒን እሱ ነው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ይህን ያነሣሁት አንድ ነገር እንዲያዝልኝ ነው፤ የእንስሳትና የሰው መድኃኒት ሁለት ሳጥን አይደለም። አንድ ሳጥን ነው።

🔹 ሁለተኛው ጥፋተኛ፦ ከአውራሪስ የመጣው እርሾ

ተባይ ያልተገኘበት ጆሮስ? በአዋቂ ውሾች ላይ አብዛኛው የታመመ ጆሮ ተባይ የለበትም። በ1925 ዋይድማን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በፊላዴልፊያ የእንስሳት ማቆያ ቆዳው ይላላጥ ከነበረ አውራሪስ ላይ አንድ እርሾ አገኙ። በወፍራም ቆዳው ምክንያት «ፓኪደርማቲስ» አሉት። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1955፣ ስዊድናዊው ጉስታፍሰን በታመሙ የውሻ ጆሮዎች ላይ ባደረጉት ሰፊ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እርሾ መሆኑን አሳዩ። ኋላ ላይ የአውራሪሱና የውሻው እርሾ አንድ መሆኑ ታወቀ። «ማላሴዚያ ፓኪደርማቲስ» ይባላል። በአገራችን ውሻ ጆሮ ውስጥ ያለው እርሾ ሳይቀር የአንድ አውራሪስ መታሰቢያ ተሸክሞ ይኖራል ማለት ነው።

ግን እንቆቅልሹ አላለቀም። ያው እርሾ በጤነኛ ጆሮም ውስጥ አለ። በጤነኛው ዝም ብሎ የሚኖር፣ በታመመው የሚያጠቃ ከሆነ ልዩነቱን የፈጠረው እርሾው አይደለም። ይህ ጥያቄ በወቅቱ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ምክንያቱም በዚያው ዘመን ጥያቄ የማይፈልግ የሚመስል ነገር ገበያ ላይ ወጥቶ ነበር።

🔹 ሁሉን የያዘው ጠርሙስ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያሉት ዓመታት በሕክምና ታሪክ የሠርግ ዓመታት ናቸው። ፔኒሲሊን በሰፊው ተመረተ። ኮርቲሶን የተቆጣ ሰውነትን እንደሚያበርድ በ1940ዎቹ መጨረሻ ታየ። የዋክስማን ቤተ ሙከራ በ1949 ኒዮማይሲንን አስተዋወቀ። ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን የተባሉ ሁለት ሴት ሳይንቲስቶች በ1950 ፈንገስን የሚገድለውን ኒስታቲን አወጡ፤ ስሙን የሰጡት ይሠሩበት ለነበረው ለኒው ዮርክ ግዛት መታሰቢያ ነው።

በዚሁ ዘመን መኪና ፈረስን ከጎዳና አስወጥቶ ስለነበር የምዕራቡ ዓለም የእንስሳት ሐኪም ፊቱን ወደ ውሻና ድመት አዙሯል። በአሜሪካ የትንንሽ እንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር በ1933፣ በብሪታንያ ተመሳሳዩ ማኅበር በ1957 ተመሠረተ። ባለ ውሻው በር ላይ ተሰልፏል፤ መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ ሞልቷል።

ቀጥሎ የሆነው የሚጠበቅ ነው። ባክቴሪያውን የሚገድል፣ እርሾውን የሚገድል፣ እብጠቱን የሚያበርድ ስቴሮይድ፣ ሁሉም በአንድ ጠርሙስ ተቀላቅሎ መጣ። ሐኪሙ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም፤ አንዱ ካልመታ ሌላው ይመታል። ውሻውም ይሻለዋል፤ ስቴሮይዱ ማሳከኩን በቀናት ውስጥ ያበርደዋል። ባለቤቱ ደስ ብሎት ይሄዳል። ከሁለት ወር በኋላ ይመለሳል። ያው ጠርሙስ ይሰጠዋል። እንደገና ይመለሳል።

ይህ መመላለስ ለዓመታት ሲቀጥል የቦዩ ቆዳ ይወፍራል፣ ይጠባል፣ አንዳንዴም እንደ አጥንት ይጠጥራል። ያኔ ጠብታ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። በ1949 ዜፕ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የቦዩን የጎን ግድግዳ ከፍቶ አየር እንዲገባና መግል እንዲወጣ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና አስተዋወቁ። ያ ሳይበቃ ሲቀር ደግሞ የመጨረሻው አማራጭ ቦዩን ከነሥሩ ቆርጦ ማውጣት ነው። እንስሳው ከሥቃዩ ያርፋል፤ በዚያ ጆሮ መስማቱ ግን ይቀራል ወይም እጅግ ይቀንሳል። በአንድ ጠርሙስ የተጀመረ ነገር በቢላዋ ያልቃል።

🔹 1988፦ ጥያቄው ተቀየረ

በ1988 ጆን ኦገስት የተባሉ የእንስሳት ሕክምና ምሁር አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። አዲስ ጀርም አላገኙም፤ አዲስ መድኃኒትም አላወጡም። ያደረጉት ምክንያቶቹን በየመደቡ ማስቀመጥ ነው። የጆሮ በሽታ የአንድ ጥፋተኛ ሥራ አይደለም፤ የብዙ ምክንያቶች ድምር ነው አሉ። ሌሎች እያዳበሩት ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ሐሳብ በቤት ቋንቋ ላስቀምጠው፦

1️⃣ እሳቱን የለኮሰው። አለርጂ፣ ተባይ፣ ቦዩ ውስጥ የገባ የሣር እሾህ፣ የሆርሞን መዛባት። በብዙ ውሾች ላይ ቀዳሚው አለርጂ ነው። ማለትም ጆሮው የሚታመመው ቆዳው በሙሉ ስለሚቆጣ ነው፤ ጆሮው የቆዳው ጫፍ ነው።

2️⃣ ቤቱን ለእሳት ያመቻቸው። የተንጠለጠለ ጆሮ፣ የጠበበ ቦይ፣ ፀጉር የበዛበት ጆሮ፣ ውኃ።

3️⃣ እሳቱን አይተው የመጡት። ባክቴሪያና እርሾ። እነዚህ እንግዶች ናቸው፤ ጋባዦች አይደሉም።

4️⃣ እሳቱ እንዳይጠፋ የሚያደርገው። የወፈረ ቆዳ፣ የተቀደደ ታምቡር፣ ወደ መካከለኛው ጆሮ የዘለቀ መግል።

ያ ሁሉ የ150 ዓመት ጠብታ ያነጣጠረው በአብዛኛው ሦስተኛው ላይ እንደነበር ልብ በሉ። እንግዶቹን እያባረርን ጋባዡን በቤቱ ትተነዋል። ጋባዡ ካለ እንግዳ አይጠፋም።

ከዚህ የተነሣ ዛሬ ጥሩ የሚባል ሐኪም ጠብታ ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር ያደርጋል። በጆሮ መመልከቻው እስከ ታምቡሩ ድረስ ያያል። በጥጥ እንጨት ከኩኩ ወስዶ መስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም አስነክቶ በማይክሮስኮፕ ይመለከታል፤ ክብ ባክቴሪያ ነው? ዘንግ መሰል ነው? ወይስ የኦቾሎኒ ቅርፊት የሚመስለው እርሾ? ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ደቂቃዎች ይበቁታል። ከዚያም «እግሩን ይልሳል? ቆዳውን ያካል? የሚብስበት ወቅት አለ?» ብሎ ባለቤቱን ይጠይቃል። ታምቡሩ ሳይታይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት አደጋ አለው፤ እንደ ኒዮማይሲን ያሉት በተቀደደ ታምቡር አልፈው ወደ ውስጥ ከዘለቁ የመስማትና ሚዛን የመጠበቅ ችሎታን ሊጎዱ ይችላሉ።

🔹 ጆሮውን እንዲህ ያደረገው ማን ነው?

ሁለተኛው መደብ ላይ ቆም ልበል፤ እዚያ ውስጥ የሰው እጅ አለና። በ1859 በእንግሊዝ ኒውካስል ከተማ የውሻ ውድድር ተካሄደ፤ በ1873 ኬነል ክለብ በለንደን ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ውሻ እንደ ሥራው ሳይሆን እንደ መልኩ መመዘን ጀመረ። ጆሮው የረዘመ፣ ቆዳው የተጨማደደ፣ ፀጉሩ የተጠቀለለ ሽልማት አገኘ። ዳኛው የጆሮውን ቅርፊት ለካ፤ ቦዩን ያየለት የለም።

ውጤቱ ዛሬ በቁጥር ይታያል። በ2021 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ከ22 ሺህ በላይ ውሾችን የሕክምና መዝገብ መርምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ 7.3 በመቶዎቹ የጆሮ ቦይ በሽታ እንደነበረባቸው አገኘ። ባሴት ሃውንድ የተባለው ጆሮው መሬት የሚጠርግ ዝርያ ከድቅል ውሾች ጋር ሲነጻጸር ወደ 6 እጥፍ የሚጠጋ ተጋላጭነት ነበረው። የተንጠለጠለ ጆሮ ያላቸው ውሾች ጆሯቸው ከቆመው ይልቅ ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋሉ።

«እንግዲያው ጆሮውን መቁረጥ ነዋ!» የሚል አለ። የዶበርማንና መሰል ውሾችን ጆሮ አሹሎ መቁረጥ ከኢንፌክሽን ይከላከላል የሚለው ወሬ ዛሬም ይነገራል። የሚቆረጠው ግን የውጭው ቅርፊት ነው፤ በሽታው ያለው ቦዩ ውስጥ፣ ምክንያቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቆዳው ላይ ነው። የብሪታንያው ኬነል ክለብ ጆሮ የተቆረጠ ውሻ በውድድር እንዳይሸለም የወሰነው ገና በ1890ዎቹ ነበር። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም ለመልክ ሲባል የሚደረገውን መቁረጥ ይቃወማል።

🔹 ጠርሙሱ መሥራት ሲያቆም

አሁን ወደ እኛ ወደ ሰዎቹ ልመለስ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግራቸው ላይ በማይገድል መጠን የተሰጠ ፔኒሲሊን ተሕዋስያኑን መድኃኒቱን እንዲላመዱ እንደሚያደርጋቸው አስጠንቅቀው ነበር። በየሁለት ወሩ የሚደጋገም፣ ሳይጨረስ የሚቆም ጠብታ ለዚህ ማስጠንቀቂያ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በውሻ ጆሮና ቆዳ ላይ በብዛት የሚገኘው ባክቴሪያ «ስታፊሎኮከስ ሱድኢንተርሚዲየስ» ይባላል፤ በዚህ ስም የተለየው በ2005 ነው። ስሙ ገና ሳይለመድ የፔኒሲሊንን ወገን መድኃኒቶች በሙሉ የሚቋቋሙ ዝርያዎቹ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክሊኒኮች ተስፋፉ። «ሱዶሞናስ» የተባለው ሌላው ባክቴሪያ ደግሞ ገና ከተፈጥሮው ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ነው። እሱን ለመምታት ሐኪሞች ወደ ኤንሮፍሎክሳሲን ይሄዳሉ። ኤንሮፍሎክሳሲን እኛ በየፋርማሲው «ሲፕሮ» የምንለው መድኃኒት የቅርብ ዘመድ ነው፤ በውሻ ሰውነት ውስጥ ከፊሉ ራሱ ወደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ይለወጣል። ሌላው በጆሮ ጠብታ ውስጥ የሚገኘው ፖሊሚክሲን፣ ሆስፒታሎች ሌላው ሁሉ እምቢ ሲላቸው ለሰው የሚሰጡት የኮሊስቲን ወንድም ነው። በ2015 ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ዘረ መል በቻይና መገኘቱ ዓለምን ያስደነገጠው ለዚህ ነው፤ ያ የተያያዘው ደግሞ በእርባታ ከሚገኙ አሳማዎች ጋር ነበር።

ሚዛናዊ ልሁን። ጠብታ በራሱ ጠላት አይደለም። እንዲያውም በቦታው የሚደረግ ጠብታ ከሚዋጥ ክኒን ይመረጣል፤ እዚያው ከፍተኛ መጠን ስለሚደርስና የቀረውን ሰውነት ስለማያዳርስ። ለመድኃኒት መላመድ የውሻ ጆሮ ዋናው ተጠያቂም አይደለም፤ በሰው ሕክምናና በከብት፣ በዶሮ፣ በአሳማ እርባታ የሚፈሰው ይበልጣል። የውሻ ጆሮ ግን ልማዱን አጉልቶ ያሳየናል። ልማዱም «ሳታይ አንጠባጥብ» ነው።

አውሮፓ ይህን ልማድ በሕግ ለመግታት ሞክራለች። ከጥር 28 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ ደንብ ለእንስሳት አንቲባዮቲክን በዘልማድ መስጠትን ከልክሏል፤ በተከታዩም ለሰው ብቻ የተተዉ መድኃኒቶች ተለይተው ታውጀዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2022 ላንሴት ላይ በታተመው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በ2019 ብቻ በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆነዋል። ጉዳቱ እጅግ የበረታውም ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው።

🔹 እኛስ?

በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በደብረ ዘይት የተከፈተው በ1979 ነው። ዓላማው ከብት፣ በግ፣ ግመል ነው፤ ይህን ያህል የቤት እንስሳ ላላት ድኻ አገር ተገቢ ምርጫ ነበር። ውሻ በሕክምናችን ውስጥ ስሙ የሚነሣው በአብዛኛው ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ነው። አሁን ግን አዲስ አበባ ውስጥ ቡችላ በቴሌግራም ይሸጣል፤ ፀጉራቸው የተጠቀለለ፣ ጆሯቸው የተንጠለጠለ የውጭ ዝርያዎች ኮንዶሚኒየም ድረስ ገብተዋል። የመጣው ውሻው ብቻ አይደለም፤ ከጆሮው ጋር የ200 ዓመት ታሪኩም አብሮ መጥቷል። ጥያቄው ከታሪኩ የትኛውን ምዕራፍ እንወስዳለን ነው፤ የ1950ዎቹን ጠርሙስ ወይስ የ1988ቱን ጥያቄ?

የምፈራው ጠርሙሱን እንደምንመርጥ ነው። ምክንያቱም ለራሳችንም የመረጥነው እሱን ነው። ጆሮ ሲያመን ዘይት አሙቆ ማንጠብጠብ፣ በክብሪት እንጨት መቆርቆር፣ ካልሆነም ፋርማሲ ሄዶ በስም ጠርቶ መግዛት ብዙዎቻችን ያደግንበት ነው። «አሞክሳ ስጠኝ» እንላለን እንጂ «ምን ሆኜ ነው?» አንልም። በገጠርም ኦክሲቴትራሳይክሊን ለከብቱ ሁሉ በሽታ መድኃኒት ተደርጎ የሚወጋበት አካባቢ ብዙ ነው። ይህ የድኻ ሰው ጥፋት ብቻ አይደለም። ምርመራ ሩቅና ውድ፣ ጠርሙሱ ቅርብና ርካሽ ሆኖ ሳለ ሰውን መውቀስ ቀላል ነው።

መፍትሔው ግን የግድ ውድ አይደለም። ለዚህ ነው የውሻውን ጆሮ የወደድኩት። አንድ የጆሮ መመልከቻ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ጥቂት ቀለም፣ አሥር ደቂቃ። የወረዳ የእንስሳት ክሊኒክም፣ የሰው ጤና ጣቢያም ሊኖረው የሚችል ነገር ነው። መንግሥት ስለ መድኃኒት መላመድ ስትራቴጂ ሲጽፍ ዓመታት አስቆጥሯል፤ ወረቀቱ ወደ ክሊኒኩ ጠረጴዛ የሚወርደው በእነዚህ አሥር ደቂቃዎች ነው። ባለሙያውም ያለ ምርመራ መድኃኒት አልሰጥም ሲል ደንበኛው ወደ ቀጣዩ በር የማይሄድበት ሥርዓት ያስፈልገዋል።

ውሻ ላላችሁ ደግሞ ጥቂት ምክር። ጆሮው ከሸተተ፣ ራሱን ደጋግሞ ካራገፈ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሐኪም ይየው። የጥጥ እንጨት ወደ ውስጥ አትስደዱ፤ ቆሻሻውን ወደ መታጠፊያው ይገፋዋል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አታፍስሱ። ካለፈው የተረፈ ጠብታ አትጠቀሙ። የጀመራችሁትን ሐኪሙ «በቃ» እስኪል አታቋርጡ። እና አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ዶክተር፣ ለምን ታመመ?»

ሐኪሙ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይኖረው ወደ ጠርሙሱ ከተዘረጋ፣ 1988 ገና አልደረሰበትም ማለት ነው።

ሐሳባችሁን በኮሜንት አስቀምጡ፤ በተለይ በሙያው ውስጥ ያላችሁ። ለባለ ውሻ ወዳጃችሁም አጋሩት። መልካም ሰንበት።